ሌሊት ስምንት ሰዓት የታለበ ወተት

ግምት የሚወድ ሰው አልወድም። አልወድም ማለት እንኳ ሲያንስ ነው፤ እንቀዋለሁ። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል ገልጦ ከማየት ይልቅ አገጩን እየዳበሰ “እኔ እንደሚመስለኝ” ብሎ የሚጀምር ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ደሜ ይፈላል። እኔ በምሠራበት በፍኖተ ሰላሙ የወተት ዩኒየን ቢሮ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው እንደ ልብ ነው። ስብሰባ ከተጠራማ አንዱ የገመተውን ሌላው ያጸድቃል፤ ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግምቱ እውነት ሆኖ ይወጣል።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እዚያ ቢሮ “አይቲዋ” እባላለሁ። አይቲ ማለት እነሱ ዘንድ ፕሪንተር የበላውን ወረቀት ጎትታ የምታወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ የረሳውን የይለፍ ቃል የምታስታውስ፣ የሊቀ መንበሩን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ፍላሽ የምትገለብጥ ሴት ናት። ፕሮግራም መጻፍ እንደምችል ያውቃሉ፤ ግን እዚሁ ያደገች ልጅ የምትጽፈው ፕሮግራም ፕሮግራም አይመስላቸውም። ስለዚህ አፑን ያሠሩት ከአዲስ አበባ በመጣ ባለሙያ ነው።

የአፑ ሥራ ቀላል ነው። በየገጠሩ የወተት መረከቢያ ጣቢያ አለ፤ በየጣቢያው አንድ ተረካቢ አለ። ገበሬው ወተቱን ያመጣል፣ ተረካቢው ይለካል፣ ሊትሩን ዩኒየኑ በሰጠው ስልክ ላይ ያስገባል። ሰዓቱን አፑ ራሱ ከስልኩ አንብቦ ይመዘግባል። ገጠር ኔትወርክ ስለማይገኝ መረጃው ስልኩ ላይ ይቆይና ኔትወርክ የመጣ ዕለት ወደ ቢሮ ይላካል። ይኸው ነው። ይህን ለማስረዳት ባለሙያው ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

ዳሽቦርድ የሚለውን ነገር ሊያሳየን የመጣ ዕለት ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እንደ ድመት እየመረጠ ነበር የሚረግጠው። ቦርዱ ተሰበሰበ፣ መጋረጃ ተዘጋ፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴና ቀይ ነገር በራ። አረንጓዴው ጤነኛ ጣቢያ ነው አለን። ቀዩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች የገጠር ጣቢያ። ሥሯ “የመረከቢያ ሰዓት፣ ሌሊት 8” ይላል። ያለፈው ሳምንትም ሌሊት ስምንት፣ ያለፈው ወርም ሌሊት ስምንት።

ሒሳብ ሹሙ “ሌሊት ስምንት ሰዓት ላም የሚያልበው ማነው? ጅብ ነው?” አለ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

ሥራ አስኪያጁ አልሣቀም። እሱ ሲያስብ ጉንጩን ይነፋል። ነፍቶ ነፍቶ ሲያበቃ፣ “ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ የሌለ ወተት እየመዘገበች ነው” አለ።

“የሌለ ወተትማ ከሆነ መኪናው ምን ጭኖ ይመጣል?” አልሁ። “የተመዘገበውና እዚህ የሚራገፈው እኩል ነው እኮ።”

“ውሃ ትጨምርበታለቻ!”

“ወተቱ እዚህ ሲደርስ ይፈተሻል። የሷ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።”

“ታዲያ ፈታሹም አብሯት አለበታ!”

ፈታሹ እዚያው ከጅቡ ቀልድ ገና አላገገመም ነበር። ሣቁ አፉ ላይ ደረቀ። አያችሁ ግምት እንዴት እንደሚወልድ? አንዱ ሲሞትባቸው ሌላ ይተኩበታል፤ አንድም ሰው ተነሥቶ “እስቲ እንየው” አይልም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ሰው ይዋሻል፤ ስልክ አይዋሽም” ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ባለሙያውም እንደ ዲያቆን ራሱን ነቀነቀለት።

በሚቀጥለው እሑድ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ጣቢያዋ ሄደ። እኛ አገር የሕዝብ ነገር የሚነገረው ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሰው ከቅጽሩ ወጥቶ ዋርካው ሥር ሲቀመጥ። የጠፋ በሬ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ ማዳበሪያ መጣ የሚባለው እዚያ ነው። እዚያ የተባለ ነገር ደግሞ ተባለ ነው፤ በየቤቱ ገብቶ ያድራል። ሥራ አስኪያጁ እዚያ ቆሞ፣ የጣቢያዋ ተረካቢ የሌለ ወተት በውሸት ስትመዘግብ ስለተያዘች ከሥራ ታግዳለች አለ። ቁልፉንና ስልኩን በሰው ፊት ተቀበላት። ከዚያ ከቄሱ ዘንድ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ምሳውን መብላቱ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።

እሷን ያየኋት ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባ ቢሮ በር ላይ ቆማለች። ዘበኛው ወደ እኔ ላካት፤ እነሱ የሚሉት ያጡለትን ሰው ሁሉ ወደ አይቲ ነው የሚልኩት። ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። ወንበር ብሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

“እህቴ፣ እንጀራው ይቅር” አለች። “ጉልበት አለኝ፤ ሌላ ሠርቼ እበላለሁ። የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር። ጠላውን ጠንስሼ፣ ዳቦውን አስቤ፣ ‘ነገሩ እስኪጠራ ቆዪ’ ብለው ዘለሉኝ። ጽዋው በደጄ አልፎ ሄደ። ልጆቼ ያያሉ።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ማኅበር ላይ መዘለል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ እስር ቤት የገባ ሰው እንኳ ስንቅ ይሄድለታል። ተናደድሁ፤ ንዴት ይሻለኛል፣ ሥራ ያሠራኛል።

“እታለም፣ ወተቱን ስንት ሰዓት ነው የምትረከቢው?”

“ጠዋት ሁለት ሰዓት ነዋ! ፀሐይ ወጥታ፣ ከብት ተሰማርቶ። አገር ያየኛል።”

“ታዲያ አገሩ አልመሰከረልሽም?”

“መስክሮ ነበር። ‘ከሷ ጋር ተመሳጥራችሁ ነው’ ሲሏቸው ዝም አሉ። ሰው ከስልክ ጋር አይከራከርም፣ እህቴ።”

እዚያው አጠገቧ ለባለሙያው ደወልሁለት። ላንሣ አላንሣ ብሎ አንሥቶ አዛጋብኝ። ስልኳ የሚሰጠውን የሰዓት ዋጋ ስክሪን ላይ አውጥተን እንየው አልሁት።

ይህን ነገር ላስረዳ። ፕሮግራም ውስጥ ቫሪያብል የሚሉት አለ። ስም የተለጠፈበት ዕቃ በሉት፤ ውስጡ ያለው ዋጋ ይባላል። “ሊትር” የተባለው ውስጥ ሊትር አለ፤ “ሰዓት” የተባለው ውስጥ ሰዓት አለ። አለ ተብሎ ይታሰባል ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ እብድ ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነገር የዕቃውን ክዳን ከፍቶ ውስጡ ያለውን ማሳየት ነው፤ አንዲት መስመር ብትጽፍ ዋጋው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እናቴ ቅሉ ውስጥ እርጎ ይኑር አጓት ለማወቅ ኮሚቴ አታቋቁምም፤ ከፍታ ታያለች።

ባለሙያው ግን፣ “ፕሪንት ማድረግ እኮ የፈርስት ይር ተማሪ ሥራ ነው” አለኝ። “ሰርቨር ላይ ያለው ዳታ ክሊር ነው። ምናልባት አፑን ሃክ አድርጋው ይሆናል።”

ሃክ! ያቺ ሴት አጠገቤ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች፤ እሱ ቦሌ ተቀምጦ ሃክ አደረገች ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ነው ያስተማረው? ላፕቶፑ ክዳን ላይ ያንን ሁሉ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ጊዜ አለው፤ አንዲት መስመር የሚጽፍበት ግን የለውም። “አመሰግናለሁ” ብዬ ዘጋሁበት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ የለ? ይሄ ደግሞ ጭራሽ አዋቂ ነኝ ባይ ነው።

የአፑ ኮድ በውሉ መሠረት ዩኒየኑ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል። ከፍቶት የሚያውቅ የለም እንጂ። ከፈትሁት። ሰዓቱን የሚያነብበትን ቦታ አገኘሁና ሥሩ ሁለት ዋጋ የሚያሳይ መስመር ጨመርሁ፤ አንደኛው ስልኩ የሰጠውን ሰዓት፣ ሁለተኛው አፑ ቀይሮ የሚመዘግበውን። መጀመሪያ በራሴ ስልክ ሞከርሁት። ልክ ነው። እንግዲህ የሷ ስልክ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው።

“ማስረጃ ነው፤ አይነካም” አለኝ።

“ማስረጃ ከሆነ አንድ ሰው ይየው እንጂ።”

“እኔ አይቼዋለሁ” አለ ደረቱን ነፍቶ። “ከፍቼ ተመልክቼዋለሁ። ምንም እንከን የለበትም፤ ሰዓቱም ልክ ነው።”

ይህን ሲል እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየት አደረገ። ያን ጊዜ ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረች፤ ግን ጥርጣሬ ግምት ነውና ዋጥሁት። “እንግዲያው እይው፤ ምንም አታገኚበትም” ሲለኝ ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ። በገመድ አገናኝቼ አዲሱን አፕ ጫንሁበትና ከፈትሁት። ሁለቱ ዋጋዎች ተደርድረው ወጡ፤ ስልኩ የሰጠው “4:10”፣ አፑ የቀየረው “ሌሊት 10:10”።

በመስኮት የገባችው ፀሐይ ጀርባዬን እየጠበሰችኝ ነው። ውጭ የገበያው ሰው በርበሬና ዶሮ ተሸክሞ ያልፋል። ስልኩ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት አልፏል ይለኛል። ሣቄ መጣ። እየሣቅሁ ዕንባዬም መጣ። እሷ አፍጥጣ ታየኛለች።

“እታለም፣ የዚህን ስልክ ሰዓት ማን አስተካከለው?”

“ቡሬ ስልክ ቤት” አለች። “‘ወደ እኛ ሰዓት መልስልኝ’ ብየው ነዋ። ጣቢያዋ ውስጥ ሌላ ሰዓት የለም። ሴቶቹ ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉኝ፣ ገና በማለዳው ስምንት ሰዓት ልበላቸው?”

ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ። ስልክ ሲሠራ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል እሱ ስምንት ይላል። አፑ ያንን ስምንት ተቀብሎ ስድስት ይቀንስና “ጠዋት ሁለት” ብሎ ይጽፋል። የሷ ስልክ ግን በእጅ ተስተካክሎ ቀድሞውኑ ሁለት ይላል። አፑ ከሁለቱ ላይ እንደገና ስድስት ሲቀንስ እኩለ ሌሊትን አልፎ ወደ ኋላ ሄደና “ሌሊት ስምንት” አለ። ሌሎቹ ተረካቢዎች ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ስለሆኑ የስልኩን ሰዓት አልነኩትም። እሷ የነካችው አገር ሁሉ እንደሚነካው ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦርዱን አስጠራሁ። አይቲዋ ቦርድ አስጠራች ተብሎ ሲወራ ሁሉም ለማየት መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አኖርሁት። ሁለቱን ዋጋዎች አሳየኋቸው። ተንጠራርተው አዩ። ሥራ አስኪያጁ እንደገና እጁን ተመለከተና፣ “እና ምንድን ነው ስህተቱ? ስልኩ ልክ ነው እኮ!” አለ።

“የሁላችሁንም ስልክ አውጡልኝ” አልሁ።

እያጉረመረሙ አወጡ። የሊቀ መንበሩ ስልክ በእኛ ሰዓት። የሒሳብ ሹሙ በእኛ ሰዓት። የፈታሹ በእኛ ሰዓት። የሥራ አስኪያጁማ ከእጁ ሰዓት ጋር ደቂቃ ለደቂቃ። አንዳቸውም ቢሆኑ ያንን አፕ ጭነው ወተት ቢረከቡ ኖሮ የሌሊት ሌባ ይሆኑ ነበር፤ እንደዚያ ብዬ ነገርኋቸው። የጅቡ ቀልደኛ ስልኩን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ለባለሙያው ደውለን በስልኩ ድምፅ ማጉያ አስገባነው። ሰምቶ ሰምቶ፣ “ስለዚህ ዩዘር ኤረር ነው” አለ። የተጠቃሚ ስህተት ማለቱ ነው። አስቡት! እሱ ራሱ “ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ተነሥ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብህ” እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። ለገበሬ አፕ ሲሠራ ግን ገበሬው በራሱ ሰዓት ይኖራል የሚል ነገር አልታየውም። “ተጠቃሚዋማ አልተሳሳተችም፤ በአገሯ ሰዓት ነው የኖረችው። የሰዓቱን ዋጋ አንድ ቀን አውጥተህ ብታየው ኖሮ አንተም ሰው ትባል ነበር” አልሁት። ሊቀ መንበሩ “ተይ እንጂ” አሉኝ። ምን ተይ አለ? እሱ ስልኩን ዘግቶ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ እሷ ከማኅበር ተዘልላለች።

እነዚያ ሰዎች ጥፋታቸውን ሲያውቁ የሚሠሩትን ሥራ ደግሞ ስሙ። ሥራ አስኪያጁ ጉንጩን ነፋና ድምፁን አለዘበ። “የዩኒየኑን ስም ማጉደፍ አያስፈልግም። ሁለት ሽማግሌ እንልክባታለን፤ ቁልፉን በዝምታ እንመልስላት፤ ነገሩ በዚሁ ይብቃ” አለ። ሁሉም “መልካም፣ መልካም” አሉ። ሲከሱ ዋርካ ሥር፣ ሲክሱ በጓሮ በር።

እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እዚያ መኖሯን ረስተውታል መሰለኝ።

“የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ጌታው” አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። “ሽማግሌ ቢልኩብኝ አክብሬ እቀበላለሁ፤ ቤቴ ገብተው ይበላሉ። ቁልፉን ግን እቤቴ አልቀበልም። ሌባ ያሉኝ የት ነው? እዚያው ሄደው ሌባ አይደለችም ይበሉልኝ።”

“ልጄ፣ እሱ እኮ...” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“እዚያው።”

እኔ ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። አላለም፤ ፈታሹ ተነሥቶ “እኔንም ከሷ ጋር ደምራችሁኝ ነበርና እኔም አብሬ እሄዳለሁ” ሲል መሸሻ አጣ።

እሑድ በዩኒየኑ መኪና ሄድን። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ሽማግሎቹ ሥሩ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ አጥሩ ተጠግተው። እሷ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ግን ግራና ቀኟ ክፍት ነው። አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። “የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በሲስተሙ ላይ የታየው የሰዓት አለመጣጣም በቴክኒካዊ ምክንያት የተከሰተ መሆኑ በተደረገው ማጣራት ስለተደረሰበት፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር በመሆን በቀጣይ እየተስተካከለ የሚሄድ ይሆናል” አለ። ከዚያም ስለ ዩኒየኑ ዕቅድ ቀጠለ። ስለ ዘመናዊ አሠራር ቀጠለ።

ከኋላዬ አንዲት ባልቴት “ምን አሉ?” አሉ። ሌላይቱ “እንጃ፣ የማዳበሪያ ነገር መሰለኝ” አሏቸው። ከኋላችን አንዳንዱ መነሣት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁም ሰው መነሣቱን ሲያይ እፎይ አለ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ እሷ የለችም። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራትም። እኔ ልነሣ ስል እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ራሷ ተነሣች።

“ጌታው” አለች። የተነሡት ቆሙ። “እኔ ያልተማርሁ ነኝ፤ ይህ ሁሉ አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰርቄያለሁ ወይስ አልሰረቅሁም?”

“ነገሩ እኮ እንደዚህ ባጭሩ...”

“ሰርቄያለሁ ወይስ አልሰረቅሁም?”

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ አየ። ወደ መኪናው አየ። ወደ ፈታሹ ሲያይ ፈታሹ ዓይኑን አልነቀለለትም።

“አልሰረቅሽም” አላት።

“ለእኔ አይንገሩኝ፤ እኔማ አውቀዋለሁ” አለች። “ለነሱ ይንገሯቸው።”

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ባርኔጣውን አወለቀ። “አልሰረቀችም” አለ፤ ከአጥሩ ጥግ እስከተቀመጡት ድረስ ተሰማ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና እዚያው ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።